የኮንዶሚኒየም ግቢን ለወረርሽኝ ማዘጋጀት፦ ከበሩ ጀምሩ

እኔ አርክቴክት ነኝ፤ የምኖረውም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ስለ ወረርሽኝ ሲወራ ሰዉ ማስክና ሆስፒታል ያነሳል፣ እኔ የግቢ በር አነሳለሁ። ብዙ ማህበራት ሌባ ፈርተው ሌላውን በር ሁሉ በይደውት አንዱን ብቻ ይተዋሉ። ለጥበቃው ይመቸዋል። በ2012 ኮቪድ ሲገባ ግን ሥራ የሚሄደውም፣ ጀሪካን የያዘውም፣ እጁን ለመታጠብ የተሰለፈውም እዚያችው በር ላይ ይጋፋ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የግቢውን ሳይት ፕላን አውጡ፤ ከሌላችሁ በእጅ ሳሉት። ሁለት ወይም ሦስት ብሎክ አንድ ክፍት ቦታ ከብበው የቆሙበትን እየፈለጋችሁ በቀለም ክበቡ። እያንዳንዱ ክብ ለብቻው ቢዘጋ መኖር የሚችል ሰፈር መሆን አለበት፦ የራሱ መውጫ፣ የራሱ ውሃ፣ የራሱ ሜዳ፣ ቆሻሻ የሚወጣበት የራሱ መንገድ። አንዱ ክብ ውስጥ በሽታ ቢገባ ሌላው እንጀራውን እየጋገረ ይቀጥላል። የተበየደውን በር ቆርጣችሁ ቁልፍ አብጁለት፤ አንዱ ቁልፍ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ ኮሚቴው ጋ፣ አንዱ የእድሩ ዳኛ ጋ ይቀመጥ። ስፋቱን ወደ 4 ሜትር ካደረጋችሁት አምቡላንስ ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ መኪናም ይገባበታል።

ቀጥሎ ውሃ፤ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ሁሉንም እዚህ ላይ አውሉት። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚያዘው ዝቅተኛ መጠን በቀን 15 ሊትር ነው፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። በአንድ ደረጃ መወጣጫ 20 ቤት ቢኖርና በየቤቱ 5 ሰው ብትቆጥሩ 100 ሰው፣ በቀን 1,500 ሊትር ማለት ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን ያደርሳችኋል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ አንድ ሮቶ አይበቃም፣ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ሲሞላ 5 ቶን ስለሚመዝን ጣሪያ ላይ እንዳትሰቅሉት፤ መሬት ላይ በኮንክሪት መደብ ይቀመጥ።

ስለ ኮሌራ የሚያስብ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል። ውሃ በፈረቃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ያኔ ቧንቧው ቀዳዳ ካለውና አጠገቡ የፈሰሰ ፍሳሽ ካለ፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ያ ነው። በየግቢው ማንሆል እየሞላ ሲፈስ አፍንጫችንን ይዘን ማለፍ ለምደናል፤ እኔ ግን ከሽታው ይልቅ የሚያሰጋኝ በሥሩ የሚያልፈው የውሃ መስመር ነው። የውሃው መስመር ከፍሳሹ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎም ይቀበር። የሮቶው መግቢያ ላይ ማስወገጃ ቫልቭ አስገጥሙ፤ የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሮቶው ሳይገባ በዚያ ይፍሰስ። ለመጠጥ የሚሆነውን በውሃ አጋር ወይም በሌላ ክሎሪን፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን አክሙት። የእጅ መታጠቢያው በእግር የሚረገጥ ይሁን፤ በኮቪድ ጊዜ የየሰፈሩ ብየዳ ቤት ሲሠራው ስለነበር ለብረት ሠራተኞቹ አዲስ አይሆንባቸውም።

ኮሚናሉን፣ ማለትም የነዋሪዎቹን የጋራ መገልገያ ቤት፣ አታከራዩ አልልም። ማህበሩ ገቢ ያስፈልገዋል። የኪራይ ውሉ ላይ ግን «ወረርሽኝ ሲታወጅ ተከራይ ክፍሉን በ48 ሰዓት ያስረክባል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ቤትን እንደ ሁኔታው መለዋወጥ ሲባል ብዙ ጊዜ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ይታሰበናል፤ የኛ ግቢ ውስጥ ከግድግዳው በፊት የሚያግደው ውሉ ነው። ክፍሉ የሚያገለግለው ስቱዲዮ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ታፍጎ ለሚታመም፣ በሽታው ላልበረታበት ሰው ነው። የጠናበት ሆስፒታል ይሂድ። በሁለት ትይዩ ግድግዳ መስኮት ያለውን ምረጡ፤ በሩ በቀጥታ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ሽንት ቤቱም የራሱ ይሁን።

አየሩን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ክፍሉ መሃል ዕጣን አጭሱና ጢሱን ተከተሉት። በመስኮት ከወጣ መልካም፤ ወደ ኮሪደር ከዞረ ወይም ጣሪያው ሥር ከተንጠለጠለ የላይኛውን መስታወት አውልቃችሁ በወንፊት ሽቦ ተኩት፣ እንደገናም አጭሱ። ጠዋትና ከሰዓት ነፋሱ ስለሚለያይ ሁለቱንም ጊዜ ሞክሩ። ወለሉ ሊሾ ቢሆን ይጸዳል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ደባልቁ፤ ይህ ለወለልና ለበር እጀታ ነው፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለእንጀራ ምጣድ የተዘረጋውን ወፍራም የኤሌክትሪክ መስመር ተከራይ እንዳይነቅለው ጠብቁት፤ በችግር ጊዜ ውሃ ማፍያውን የሚሸከመው እሱ ነው።

ከዚያ የድንኳኑ ቦታ። የእድሩ ድንኳን ሦስት ጎኑ ሲጠቀለል ከብዙ አዳራሽ የተሻለ አየር አለው፤ ለክትባት፣ ለምርመራ፣ ሰው ለሚበዛበት ለቅሶም ይሆናል። ችግሩ ካስማ ኮብልስቶን ላይ አይገባም፣ ስለዚህ ሰዉ ገመዱን መኪና ጎማ ላይ ሲያስር ይታያል። ቦታውን አንድ ጊዜ ለዩና በባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ቀለበት አስጠምዝዛችሁ ኮንክሪት ውስጥ ቅበሩ። መሬቱ ውሃ የማይቋጥር፣ መብራትና ቧንቧ የሚደርሰው፣ ከልጆች መጫወቻ ራቅ ያለ ይሁን። ወረፋ መያዣውን በየ2 ሜትሩ በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉበት፤ በደህና ጊዜ ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱበታል።

ይህን ሁሉ የሚፈትሽ ቀን ከሌለ ቁልፉ ይዝጋል፣ ኮሚናሉም የማህበሩ ሲሚንቶ ማከማቻ ይሆናል። እኔ ኅዳር 12ን እመርጣለሁ። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ የምናጥንበት ቀን ነውና ሰዉ መጥረጊያ ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ፕላስቲክ ከማቃጠል ይልቅ ያን ቀን ተጠባባቂ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ይታዩ፣ ሮቶዎቹ ይታጠቡ፣ ድንኳኑ ቀለበቶቹ ላይ ተወጥሮ ይሞከር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጥሯት፤ የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ እንዳለ ከኮሚቴው በላይ የምታውቀው እሷ ናት፣ ፕላኑ ላይ ምልክት ታድርግበት።