የአባይን በረሃ በዘመናዊ መኪና፦ አወራረድ፣ አወጣጥና የመንገድ ላይ ብልሽት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የሚጓዝ አሽከርካሪ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው ያበቃና መንገዱ ወደ አባይ ሸለቆ መውረድ ይጀምራል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በግማሹ ወደ 1400 ሜትር ቁልቁል ከተወረደና የህዳሴ ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ፣ በቀሪው ግማሽ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። የጭነት መኪና ሾፌሮች በዚህ መንገድ መኪናውን የሚይዘው ማርሹ እንጂ ፍሬኑ እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አውቶማቲክ፣ ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ግን ይህንኑ ለመፈጸም የትኛውን ቁልፍ መንካት እንዳለበት ብዙ ጊዜ አያውቅም። ይህ መመሪያ በተለይ ለእርሱ የተጻፈ ነው።

ከመነሳት በፊት

ዝግጅቱ አዲስ አበባ ላይ ቢያልቅ ይመረጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ ይታይ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ መጠኑ ሳይጎድል አቅሙ ይደክማል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 በአንጻሩ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በመሆኑም ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ያለፈው መኪና በከተማ ውስጥ ምንም እንከን ሳይታይበት ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። የፍሬን ሸራውም ውፍረት በዚያው አጋጣሚ ይታይ።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው መኪና በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ደግሞ በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 የሚል ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በበረሃ ሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ የኋላውን ወለል ገልጠው ስኮርታ ጎማ መኖር አለመኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገኘው አንድ ጠርሙስ መድፈኛ ፈሳሽና በመኪናው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው። ይህ ሚስማር ለበሳው ጎማ ይበቃል፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን ምንም አይፈይድም። ስኮርታው ካለም ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ እንዲሁም ከጎማው ዳዶዎች አንዱ ባለቁልፍ ከሆነ የእርሱ መፍቻ አብረው መኖራቸው ይታይ። ይህች ትንሽ መፍቻ ጎሚስታ ቤት ተረስታ መቅረት ትወዳለች፤ ያለ እርሷ ደግሞ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢሟላ ጎማው አይወልቅም።

ቁልቁለቱን መውረድ

1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጉልበት ጥቂቱን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረው ወይ ወደ ሞተሩ ወይ ወደ ፍሬኑ መሄዱ የግድ ነው። የአሽከርካሪው ሥራ አብዛኛውን ወደ ሞተሩ መላክ ነው።

አውቶማቲክ ማርሽ «ዲ» ላይ ከተተወ፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ካምቢዮው ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ማርሽ ይመርጣል፤ በከፍተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በዝግታ እየሄዱ ሳለ፣ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይቀይሩ። በቆየት ባሉ አውቶማቲኮች ላይ «2» እና «ኤል» የሚሉት ቦታዎች፣ በአዳዲሶቹ ላይ «ኤም» ወይም በመሪው ጀርባ ያለው የመቀነስ ምልክት፣ በቶዮታ ሃይብሪዶች ላይ ደግሞ «ቢ» የተቀመጡት ለዚሁ ነው። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያጓራ አያስደነግጥም፤ የዙር መቁጠሪያው ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ ጉዳት የለውም።

እዚህ ላይ በሰፊው የተለመደ አንድ ስህተት መነሳት አለበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው መኪናውን በቁልቁለት የሚለቁ አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። ዘመናዊ ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሲወርድ፣ ጎማዎቹ ራሳቸው ስለሚያዞሩት ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ሲል ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የተቆጠበ ነዳጅ የለም፤ ፍሬኑ ግን ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል።

ማርሽ ብቻውን ካልበቃ ፍሬን ይረገጣል፤ ይሁን እንጂ እግርን ፍሬን ላይ አስደግፎ ረጅም መንገድ መውረድ ሸራው ፋታ አጥቶ እንዲቃጠል ያደርጋል። ለምሳሌ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መውረድ ከፈለጉ፣ ፍጥነቱ 45 ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ወደ 35 ያውርዱትና እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ ነፋስ ያገኘው ዲስክ እስከሚቀጥለው ርግጫ ይቀዘቅዛል። በየጥቂት ሰከንዱ መርገጥ ካስፈለገ ማርሹ ገና ከፍተኛ ነው ማለት ስለሆነ አንድ ደረጃ ይቀንሱ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ የቁልቁለት መቆጣጠሪያ የሚባለው ቁልፍ የተሠራው ለአጭርና ሸካራ ቁልቁለት ነው፤ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑን በመጠቀም ስለሆነ እዚህ መፍትሔ አይሆንም። ከፊት ዝግ ብሎ የሚወርድ ሲኖትራክ ካጋጠመ ርቀት ጠብቆ መከተል ይበቃል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን በየቦታው ስለሚያሰምጠው፣ ከመታጠፊያ በኋላ ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም።

ፍሬን ሲከዳ

የተቃጠለ ሸራ ሽታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ሽታው እንደመጣ ከገደል ግርጌም ከመታጠፊያም ራቅ ያለ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ያለፈ ችግር በሁለት መልክ ይመጣል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንክሮ ሳለ የመኪናው ፍጥነት የማይቀንስ ከሆነ ሸራው ግሏል፤ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱ ፈልቶ በውስጡ አረፋ ፈጥሯል። በሁለተኛው ጊዜ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግመው ይርገጡት፤ የተወሰነ ግፊት ሊመለስ ይችላል። ይህ ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚያደርገው ኤቢኤስ ጋር እንዳይምታታ፤ ፍሬኑ ደህና ሆኖ ድንገት መቆም ካስፈለገ አንድ ጊዜ በኃይል ረግጦ መያዝ ነው የሚያስፈልገው፤ ፔዳሉ እግር ሥር ቢንቀጠቀጥም መለቀቅ የለበትም።

በዚያው ቅጽበት ማርሹን ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ። የእጅ ፍሬኑ ባለ ማንሻ ከሆነ፣ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው ቀስ በቀስ ይሳቡት፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማዎችን ቆልፎ መኪናውን ያሽከረክራል። ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ማብሪያው ተይዞ ሲቆይ በራሳቸው መጥነው ያቆማሉ፤ ጣትዎን እንዳነሱ ግን ይለቃሉ። ሞተሩን ማጥፋት ስህተት ነው፤ ማርሹ መያዙን ሊያቆም፣ መሪውም ሊከብድ ይችላል። ሌላው ሁሉ ካልሠራ፣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ባለው ጠርዝ ወይም ቦይ መኪናውን እያሻሹ ማቆም ይቀራል። ፓራውርቱና በሩ ይጎዳሉ እንጂ ሰው ይተርፋል።

ሽቅብ ሲወጡ ሞተር ሲግል

ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት የሚፈትነው ራዲያተሩን ነው። በዝግታ ፍጥነት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው፤ የሸለቆው ሙቀትም ከደጋው በእጅጉ ይበልጣል። በተጨማሪም በ2400 ሜትር ከፍታ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚታገሠው በኩላንቱና በክዳኑ በሚያዘው ግፊት ምክንያት ነው። ክዳኑ ካረጀ ወይም በኩላንት ፈንታ ውሃ ብቻ ከተሞላ ችግሩ እዚህ ይገለጣል።

ብዙ አዳዲስ መኪኖች የሙቀት ቀስት የላቸውም፤ ቀይ የቴርሞሜትር ምልክት ብቻ ይበራል። ሲበራ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ መቆሚያ እንዳገኙም ይቁሙ። ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ያላሉትና ፈሳሹን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል። ደጀን ደርሼ አየዋለሁ ብሎ ቀዩን ምልክት ይዞ መውጣት ጋርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል፤ የዚያ ወጪ ደግሞ ከአንድ ሰዓት መቆም ጋር አይወዳደርም።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ አሽከርካሪ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ፣ በዚህ መንገድ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። በቁልቁለት ዕድለኞች ናቸው፤ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሆኖም ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደጀን አድሮ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ይህን መያዣ ቁልቁለቱ ላይ ያጣዋል፤ በ80 በመቶ አካባቢ ቢያቆም ይሻለዋል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው የሚያሳየው የቀሪ ርቀት ቁጥር ያታልላል። ስሌቱ የሚሠራው በቅርቡ ከነበረው ፍጆታ ተነሥቶ ነው፤ የቅርቡ ፍጆታ ደግሞ ቁልቁለት ነበር። 1900 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እስከ ላይ ለመውጣት 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አንድ ስድስተኛው ነው። ውሳኔው በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በመቶኛው ይሁን፤ የሚወሰነውም ጎሃ ጽዮን ላይ ነው።

መንገድ ላይ መቆም ግድ ሲሆን

አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፤ ተሳፋሪዎቹን ከአስፋልቱ አርቀው፣ ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ወጣ አድርገው ያስቁሟቸው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ከሚወርድበት ገደል ሥር መቆም አይገባም። ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከመታጠፊያው ወዲህ ከተቀመጠ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው መኪናውን ካየ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ማዶውን አልፈው፣ 100 እርምጃም ቢሆን ሄደው፣ ይትከሉት። ምልክት በሌለበት ጊዜ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር በአገራችን የታወቀ ነው፤ መኪናው ተነሥቶ ድንጋዩ መንገድ ላይ መቅረቱ ግን ሌሊት ለሚመጣ ሰው ሌላ አደጋ ነው፤ የደረደረው ራሱ ያንሳው። የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ ደግሞ በ991 ይጠራል። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚያልፍ አሽከርካሪ መልእክት መስጠት ነው።

ዳገት ላይ ጎማ መቀየር የሚቻለው ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ነው። ከተቻለ ጎማው ተጎድቶም ቢሆን በዝግታ ጥቂት ሄዶ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ አንድ ቸርኬ ከሰው አይበልጥም። ዳዶዎቹ የሚላሉት መኪናው በክሪክ ሳይነሳ፣ ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ ነው፤ በቁልቁለቱ በኩል ያሉት ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዳሉ።

መጎተት ሲመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያዘዋውርለት ሞተሩ ሲሠራ ስለሆነ፣ የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየረገጡ በገመድ ቢጎተት ውስጡ ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ መኪናም ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ በጀርባው ላይ በሚጭን መኪና እንጂ በገመድ መጎተት የለበትም። ልርዳህ ብሎ ገመድ ይዞ የሚቆም ደግ ሾፌር ቢመጣ እንኳ ይህ በአክብሮት ይነገረው።

ፍሬኑ ግሎ ቀዝቅዞ ፔዳሉ ወደ ቦታው የተመለሰ መኪናም ጉዞውን ሊጨርስ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የፈላ ዘይት ግን በሚቀጥለው ቁልቁለት እንደገና ቶሎ ይፈላል። ጋራዥ ሲገቡ ሸራውን እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው እንዲቀይሩት፣ ዲስኩም ሰማያዊ ቀለም መያዝ አለመያዙን እንዲያዩ ይጠይቁ።