ለቤት ውስጥ የጌጥ ዓምድ እንጨት ስትመርጡ

የጌጥ ዓምድ ጣሪያ አይሸከምም፤ ስለዚህ አንድ ወጥ ግንድ ጠርባችሁ ለማቆም አትድከሙ። ግንድ ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሃሉ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ከአራት ጣውላ የተገጠመ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዓምድ ቀላል ነው፤ ቅርጹንም ይጠብቃል።

ምርጫውን የሚወስነው የመጨረሻው ቅብ ነው። ቀለም የምትቀቡት ከሆነ ለእኔ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራውን ኤምዲኤፍ የተባለ ሰሌዳ የሚያህል የለም፤ ጉጥ የለውም፣ ገጹም ልስልስ ነው። የተቆረጠው ጠርዙ ግን ቀለሙን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ አስቀድማችሁ በስቱኮ ደፍናችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ውሃ ደግሞ ያሳብጠዋል። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ከሆነ የዓምዱን እግር ከጠንካራ እንጨት ሥሩት።

የእንጨቱ መልክ በቫርኒሽ ሥር እንዲታይ ከፈለጋችሁ በደንብ የደረቀ ጣውላ ውሰዱ፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትቁረጡት፤ ዓምዱ በሚቆምበት ክፍል ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። እኔ ቸኩዬ የገጠምሁት አንድ ዓምድ መገጣጠሚያው ጥፍር እስኪያስገባ ድረስ ተከፍቶብኛል።