በኮሪያ የሚያቃጥል ዶሮ ምግብ ቤት እንዴት እንመገብ?

አዲስ የተከፈተ የኮሪያ ዶሮ ቤት ሲገቡ፣ ከማዘዝዎ በፊት የምግቡን የማቃጠል ደረጃ አስተናጋጁን ይጠይቁ፤ የአንዱ ቤት «መካከለኛ» ከሌላው ቤት «ኃይለኛ» ሊብስ ስለሚችል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅተኛውን መምረጥ ይበጃል። ያንግኒዮም የሚባለው ዶሮ በዘይት ከተጠበሰ በኋላ በጣፋጭና በሚያቃጥል ስጎ የሚለወስ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ሳይለሰልስ በትኩሱ መበላት አለበት።

ከደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ጋር ስሙ የተያያዘው ዳክጋልቢ የተባለው የዶሮ ምግብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በበርበሬ የተዘፈዘፈው ሥጋ ከጥቅል ጎመን፣ ከስኳር ድንችና ከሩዝ ሊጥ ቁርጥራጮች ጋር በጠረጴዛው ላይ በሰፊ ብረት ምጣድ ይበስላል፤ ዶሮው እስከ ውስጡ መብሰሉ ሳይረጋገጥ መቅመስ አይገባም። ሆድዎንም በሥጋው ብቻ አይሙሉ፤ በመጨረሻ በቀረው ስጎ የሚጠበሰው ሩዝ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ነው።

አፍዎን ካቃጠለዎት ውኃ እምብዛም አይረዳም፤ ካፕሳይሲን የተባለው የበርበሬው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ ወተት ይሻላል። ከተጠበሰው ዶሮ ጋር የሚቀርበው በኮምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ነጭ ፍጁልም በየጉርሻው መካከል አፍን ያድሳል። ከኮሪያውያን ጋር ከተቀመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው መብላት እስኪጀምር ይጠብቁ።