የናፍጣ ፒክአፕ ሞተር የሚስበው አየር ሲሞቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ሂሉክስ ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ጉልበቱ ቢደክምና ጥቁር ጭስ ቢያበዛ፣ ብዙ ባለንብረቶች በቅድሚያ የሚጠረጥሩት ናፍጣውን ወይም የነዳጅ ፓምፑን ነው። ፓምፕና ኢንጀክተር አስፈትቶ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ማየት ይገባል። ለዚህም ከመሪው በታች ባለው የኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚነበብበት) ላይ የሚሰካ አነስተኛ የብሉቱዝ ማንበቢያና አንድ ስልክ ይበቃሉ።

የአየር ሙቀት በ3 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ክብደት በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከወትሮው በ30 ዲግሪ ከሞቀ፣ ሞተሩ ናፍጣውን የሚያቃጥልበት ኦክስጅን በ10 በመቶ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩን በ2 እጥፍ አምቆ የሚበቃው ቱርቦ እዚህ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ማመቅ ይኖርበታል። የታመቀ አየር ደግሞ ይሞቃል፤ ከቱርቦው ሲወጣ ከ100 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህን ሙቀት የማውረድ ሥራ የኢንተርኩለሩ ነው።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በበርካታ ፒክአፖች ላይ ስልኩ «የመግቢያ አየር ሙቀት» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር የሚመጣው ከአየር ፊልትሮው አጠገብ፣ የአየር መጠን ከሚለካው ሴንሰር ጋር አብሮ ከተሠራው ሴንሰር ነው። ይህ ከቱርቦው በፊት ያለ ቦታ ስለሆነ ስለ ኢንተርኩለሩ የሚናገረው ነገር የለም። ከኢንተርኩለሩ በኋላ ያለው ሙቀት የሚታወቀው መኪናው በዚያ በኩል ሁለተኛ ሴንሰር ካለውና ማንበቢያው እሱንም ማሳየት ከቻለ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ትርጉም የሚኖራቸው ከውጭው አየር ሙቀት ጋር ሲነጻጸሩ ነው፤ 55 ዲግሪ አዋሽ ላይ በቀትር የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ንባቡ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ከቆመ

ይህ የአየር ሙቀት አይደለም። የኦቢዲ ሥርዓት ሊያሳየው የሚችለው የመጨረሻ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ መስመሩ መቋረጡን ያመለክታል፣ ብዙውን ጊዜም ፒ0113 የሚል የብልሽት ኮድ ይዞ ይመጣል። በብዛት የሚገኘው መንስኤ ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ «ቀጭ» ሳይል የቀረ ሶኬት ነው። በተቃራኒው ንባቡ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ከደረቀና ኮዱ ፒ0112 ከሆነ፣ ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ተነካክቷል ወይም ሴንሰሩ በውስጡ ሾርት አድርጓል። ሶኬቱን ነቅለው ንባቡን ይመልከቱ፤ ወደ 40 ከዜሮ በታች ከወረደ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፣ ካልወረደ ሽቦውን ይከተሉ።

ከቱርቦው በፊት ያለው ንባብ እየተነዱም ከውጭው በ20 ዲግሪና በላይ ከበለጠ

ሞተሩ የሚስበው ከኮፋኖው ሥር ያለውን የሞቀ አየር ነው። የፊልትሮው ቤት መቆለፊያዎች በሙሉ መያዛቸውን፣ ወደ ፌንደሩ የሚገባው ቱቦ አለመውለቁን፣ ስኖርክል (አየርን ከላይ የሚስበው ቱቦ) ከተገጠመም መጋጠሚያው አለመላቀቁን ይፈትሹ። ይህ ክፍተት በገጠር መንገድ አቧራንም ስለሚያስገባ፣ ጉዳቱ ጉልበት በማሳነስ ብቻ አያበቃም። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደተነሳ ቁጥሩ ከፍ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ጉዞ የሚወርድ ከሆነ ግን ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሞተሩ ክፍል ሙቀት ነው።

ከኢንተርኩለሩ በኋላ ያለው ንባብ ዳገት ላይ ሳያቋርጥ ከጨመረ

ጤናማ ኢንተርኩለር በተስተካከለ ጉዞ ላይ አየሩን ከውጭው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ አስጠግቶ ያወርዳል። በጠቀስነው ሂሉክስ ኢንተርኩለሩ ያለው ከሞተሩ አናት ላይ ሲሆን አየር የሚያገኘውም በኮፋኖው ቀዳዳ በኩል ነው። በዝግታ ሲወጣ የሚነፍስለት አየር ያንሳል፣ ከሥሩ ደግሞ ሞተሩ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ዓባይ በረሃ ውስጥ መጠነኛ ጭማሪ ቢታይ አይገርምም። ሜዳ ላይ ሲደርስና ፍጥነቱ ሲጨምር ቁጥሩ የማይወርድ ከሆነ ግን የሚከተሉትን መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ኮፋኖውን ከፍተው በቀዳዳውና በኢንተርኩለሩ መካከል ያለውን ጎማ ይመልከቱ። ይህ ጎማ ሲቀደድ ወይም ከአንድ ጥገና በኋላ ሳይመለስ ሲቀር፣ የገባው አየር በኢንተርኩለሩ ውስጥ ማለፉን ትቶ በጎን ያመልጣል። ዋጋው ትንሽ፣ የሚያስከትለው መዘዝ ግን ትልቅ በመሆኑ በእኔ ግምት ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው። ቀጥሎ ክንፎቹ በጭቃና በነፍሳት መደፈናቸውን ያጣሩ፤ አየሩ በሚወጣበት በኩል በለዘብተኛ ውኃ ይታጠቡ እንጂ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አይጠጋቸው፣ ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ከሙቀቱ ጋር ፉጨትና ጥቁር ጭስ ካለ ማኒኮቶ (የታመቀውን አየር የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ) ተሰንጥቋል ወይም ማጥበቂያው ላልቷል። ያመለጠውን አየር ለማካካስ ቱርቦው አብዝቶ ስለሚሽከረከር የሚወጣው አየር ይበልጥ ይሞቃል። በዘይት የረጠበ መጋጠሚያ አየር የሚያመልጥበትን ቦታ ያሳያል። ማኒኮቶው ሲወልቅ ከውስጡ ዘይት ከተንጠባጠበ ግን የቱርቦው ዘይት መያዣና የሞተሩ የትንፋሽ ቱቦ መታየት አለባቸው።

ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ንባቡ የሚወጣ ከሆነ፣ የጭስ መመለሻው ቫልቭ (ኢጂአር፣ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በጥቀርሻ ምክንያት ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈትቶ ማጽዳት ነው። ይህ የሚታየው ሴንሰሩ ከቫልቩ በኋላ በተተከለባቸው ሞተሮች ላይ ብቻ ነው።

ንባቡ ሊሆን የሚችል ቢመስልም የማይታመን ከሆነ

መኪናው ውጭ ባደረ ማግስት፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። የአየሩ ሙቀት፣ የራዲያተር ውኃው ሙቀትና የውጭው ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ልዩነት መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከሸሸ ጥርጣሬው በእሱ ላይ ነው። በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም (በኦም የሚለካው) በ20 ዲግሪ ከ2.2 እስከ 2.7 ኪሎ ኦም፣ በ60 ዲግሪ ግማሽ ኪሎ ኦም ገደማ ነው። ለብቻው የሚፈታውን ሴንሰር፣ ሶኬቱ ሳይነከር፣ በሞቀ ውኃ መሞከር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ግን 100 ብለው እንዳያሰሉ። ከአየር መጠን ለኪው ጋር የተሠራው ሴንሰር ውኃ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ተነፍቶ በራሱ እንዲደርቅ ይተዋል።