በታጠበ ቁጥር የሚደክመው የዩሪያ ዳሳሽ

ዳሳሹ አዲስ ሲሆን ጥሩ ያነባል፤ በታጠበ ቁጥር ግን ምልክቱ እየወረደ ይሄዳል። ዩሪኤዝ የተባለው ኢንዛይም ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ሲያወጣ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ይጨምራል፤ ኤሌክትሮዱ የሚያነበው ይህንን ለውጥ ነው። ኤሌክትሮዱን በመለኪያ ፈሳሾች ፈተሽኩት፤ እንከን የለበትም።

ቁርጡን የነገረኝ እጣቢው ነው። ጥቂት ቀድቼ ዩሪያና ፌኖል ሬድ (ፒኤች ሲጨምር ከቢጫ ወደ ሮዝ የሚለወጥ ማቅለሚያ) ጨመርኩበት። ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ከዳር ጀምሮ ብርቱካናማ፣ ቆይቶም ደማቅ ሮዝ ሆነ። ኢንዛይሙ አልሞተም፤ ታጥቦ እየሄደ ነበር።

ነገሩ የልክ ጉዳይ ነው። ጃክ ቢን ከተባለው የባቄላ ዘመድ የሚወጣው ዩሪኤዝ (ጄምስ ሰምነር በ1926 እ.ኤ.አ. ክሪስታል ያደረገው) ስፋቱ 13 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዳሳሹ ላይ ኢንዛይሙን እንዲይዝ ያደረግኩት ኤስቢኤ-15 የተባለው ባለ ቀዳዳ ሲሊካ ቀዳዳው ደግሞ 7 ናኖሜትር ያህል። ግመልን በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ማለት ይኸው ነው። ሻጮች በግራም ስንት መቶ ካሬ ሜትር ገጽ እንዳለው በትልቁ ይጽፋሉ፤ ኢንዛይሙ የማይገባበት ገጽ ምን ይረባል?

ቀዳዳው ከ25 ናኖሜትር በላይ በሆነ የሲሊካ አረፋ ተካሁት። ገጹን በአሚን (ማሰሪያው የሚይዘው የኬሚካል ቡድን) አልብሼ ኢንዛይሙን በጥቂት ግሉታራልዴሃይድ በተባለ ማሰሪያ ኬሚካል አሰርኩት፤ ማሰሪያው ሲበዛ ኢንዛይሙን ያደነዝዘዋል። እጣቢው ከዚያ ወዲህ ቀለም አልለወጠም።

ምልክቱ አሁንም ደከም ያለ ስለነበር ፎስፌት ባፈሩን (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዘውን ፈሳሽ) ከ50 ወደ 5 ሚሊሞላር አወረድኩት፤ ጠንካራ ባፈር የፒኤችን ለውጥ ይውጠዋል። ባፈር የሚቀይር ሰው የመለኪያ መስመሩንም (ምልክቱን ወደ ዩሪያ መጠን የሚተረጉመውን) በዚያው ባፈር እንደገና ይሥራ።