የኢንስፔክሽን ሪፖርት ምክር ቤት ሲደርስ፦ ለድሬዳዋ ቋሚ ኮሚቴ አባላት የአሠራር መመሪያ

ቋሚ ኮሚቴ ስለ ትምህርት ጥራት ለመስክ ምልከታ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው የተሰበረ ዴስክ፣ የደረቀ ቧንቧና የተቆለፈ ቤተ መጻሕፍት ቆጥሮ ነው። ይህ የኢንስፔክተሩ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። የኮሚቴው ሥራ ሌላ ነው። ኢንስፔክተሩ ዴስኩን አይቶታል ወይ? እንዳየው መዝግቦታል ወይ? ከመዘገበውስ በኋላ ማን ምን አደረገ? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት ይህን ለሚከታተሉ አባላትና ሰነድ ለሚያዘጋጁላቸው የጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ነው። ሐረር ያለ አንባቢም አወቃቀሩን ወደ ራሱ ክልል ምክር ቤት ቀይሮ ሊጠቀምበት ይችላል።

ጥያቄው የማን እንደሆነ መለየት

የድሬዳዋ ምክር ቤት በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የከተማውን አስፈጻሚ ይቆጣጠራል። ስለዚህ የትምህርት ቢሮውን ኃላፊ መጥራት ይችላል። የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑበት መስፈርት፣ ግን አገር አቀፍ ነው። አንድ አባል ተነስቶ «መስፈርቱ ለጀልዴሳና ለዋሂል የገጠር ትምህርት ቤቶች አይሆንም» ቢል ሐሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የቢሮው ኃላፊ ግን መስፈርቱን የመለወጥ ሥልጣን የለውም፤ ግማሽ ሰዓትም በከንቱ ያልፋል። የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ድሬዳዋ እዚያ ሁለት መቀመጫ ስላላት ማዕቀፉን የሚነካ ጥያቄ በጽሑፍ ለሁለቱ ተወካዮች ይላክ። ለቢሮው የሚቀረው ጥያቄ «መስፈርቱን በትክክል ተጠቅማችኋል ወይ? ውጤቱንስ ምን አደረጋችሁበት?» የሚለው ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ይጣራ፦ ኢንስፔክተሮቹ ተጠሪነታቸው ለማን ነው? ትምህርት ቤቶቹን በሚመራው ቢሮ ሥር ከሆኑና ያው ቢሮ በዓመታዊ ዕቅዱ «ደረጃቸውን ያሻሻሉ ትምህርት ቤቶች» የሚል ግብ ይዞ ከሆነ፣ ተፈታኙም አራሚውም አንድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ማንም አጭበርብሯል አያሰኝም። ኮሚቴው ነጥቦቹን ጠጋ ብሎ እንዲያይ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃውን ሳይሆን ነጥቡን መጠየቅ

ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች አሉት። ግብዓት (እንደ መማሪያ ክፍል ያለው) 25 ከመቶ፣ ሂደት (መማር ማስተማሩ) 35 ከመቶ፣ ውጤት (እንደ ፈተና ውጤት ያለው) 40 ከመቶ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ነው፤ ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.99 ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ለምክር ቤት የሚቀርበው ሪፖርት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ያህል ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 ተሸጋገሩ» ብሎ ያበቃል። ችግሩ የሚደበቀው እዚች ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት በግብዓት 72፣ በሂደት 60፣ በውጤት 30 ከመቶ አገኘ እንበል። ሲሰላ 18፣ 21 እና 12 ይሆናል፤ ድምሩ 51፣ ማለትም ደረጃ 2። አሁን የሂደቱን ነጥብ ብቻ ከ60 ወደ 57 ዝቅ እናድርገው። 19.95 ይሆንና ድምሩ 49.95 ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ ደረጃ 1 ላይ ወደቀ። ከሂደት ላይ የተቀነሰች ሦስት ነጥብ ደረጃ ትቀይራለች ማለት ነው። ሂደት ደግሞ ክፍል ገብቶ መምህር ሲያስተምር በማየትና ሰው በማነጋገር የሚሞላ በመሆኑ ከሁሉም በላይ የገምጋሚው አስተያየት የሚያመዝንበት ክፍል ነው። መማሪያ ክፍል ይቆጠራል፤ «ተማሪዎች በንቃት ይሳተፋሉ» የሚለው ግን እንደ ገምጋሚው ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ከ50 እስከ 53 መካከል የወደቁትን መቁጠርና ከ47 እስከ 49.99 ካሉት ጋር ማወዳደር ነው። ከመስመሩ በላይ ብዙ፣ ከመስመሩ በታች ከሞላ ጎደል ባዶ ከሆነ፣ የነዚያን ትምህርት ቤቶች የክፍል ምልከታ ቅጽ ማስመጣት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ከ51 ወደ 68 የወጣ ትምህርት ቤት በደረጃ ሪፖርት ላይ «ለውጥ የለውም»፤ ከ49.5 ወደ 50.2 ያለው ግን «ተሸጋገረ» ይባላል። ልፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የውጤት ነጥብ ሲነጻጸር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጣል፤ በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ከዚያ በፊት የነበረ ውጤትና ከዚያ ወዲህ ያለው ጎን ለጎን አይቀመጡም። የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት ነጥብ በዚያ ወቅት ካሽቆለቆለ ትምህርት ቤቱ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መለኪያው ጠበቀ እንጂ። ይልቅ የሚያስጠረጥረው ተቃራኒው ነው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ወድቆ ሳለ የኢንስፔክሽን ነጥቡ ንቅንቅ ያላለ ትምህርት ቤት።

በደብዳቤ የሚጠየቅ ሰነድ

ደብዳቤው በአፈ ጉባኤው በኩል ይውጣ፤ የመልስ ቀን ይቆረጥለት፤ 15 ቀን ይበቃል። «አጠቃላይ መረጃ ይላክልን» የሚል ደብዳቤ የሚያመጣው የፓወር ፖይንት ስላይድ ነው። በስም በስሙ ይጠየቅ፦

- የሁሉም ትምህርት ቤቶች የግብዓት፣ የሂደት፣ የውጤትና የድምር ነጥብ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች፣ በኤክሴል። በወረቀት ታትሞ ከመጣ መልሶ ኤክሴሉን መጠየቅ።
- ኮሚቴው ራሱ የመረጣቸው 10 ትምህርት ቤቶች ሙሉ ሪፖርትና በእጅ የተሞላው የመስክ ቅጽ። ተገልብጦ የተጻፈው ሳይሆን ዋናው።
- የኢንስፔክተሮች ብዛት፣ የሥምሪት መርሐ ግብር፣ የተሽከርካሪ፣ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪ።
- ከኢንስፔክሽን በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ያዘጋጁት የማሻሻያ ዕቅድና ለዚሁ የተመደበ ገንዘብ።
- የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት በትምህርት ቤት።

ሦስተኛው ሰነድ ተራ ነገር ቢመስልም ብዙ ያወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ከሰነዱ እየተኩ መሥራት ይቻላል። ስድስት ኢንስፔክተሮች ሁለት ሁለት ሆነው ቢሠማሩ ሦስት ቡድን ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ቀን ምልከታ፣ ሁለት ቀን ጽሕፈት ቢወስድ አንድ የሥራ ሳምንት ሄደ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ፈተናው፣ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍቱና በዓላቱ ሲቀነሱ 28 ሳምንት ቢቀር፣ ሦስት ቡድን በዓመት ሊያዳርስ የሚችለው 84 ትምህርት ቤት ነው። ሪፖርቱ 140 የሚል ከሆነ ወይ አንዱ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ተጠናቋል፣ ወይ በስልክ ተሞልቷል፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ራሱን የገመገመበት ውጤት ተገልብጦ ገብቷል። የነዳጁ ወጪ የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል፤ ገጠር ያለው ቢዮ አዋሌ በእግር አይኬድም።

የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሪፖርትም ይታይ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መስከረምም በምዝገባና በመጻሕፍት ዕደላ ያልቃል። በዚያ ሩብ ዓመት «የኢንስፔክሽን ዕቅዱ መቶ በመቶ ተከናወነ» የሚል ቢሮ ተማሪ የሌለበት ክፍል ውስጥ መማር ማስተማሩን ገምግሟል ማለት ነው።

የመስክ ምልከታ፦ ስድስት ትምህርት ቤት ይበቃል

ትምህርት ቤቶቹን ቢሮው አይምረጥ። ከ50 መስመር አጠገብ ያሉ ሁለት፣ ነጥባቸው በአንድ ዙር ብዙ የዘለለ ሁለት፣ አንድ ከገጠር፣ አንድ ከግል ትምህርት ቤቶች ይወሰዱ። ሁሉም ከከተማው ሰፈሮች፣ ከቀዚራና ከሳቢያን፣ ከሆኑ ምልከታው ጉብኝት ሆኗል። ቀኑ ለርዕሰ መምህሩ ቢነገር ግድ የለም፤ የሚታየው ነገር ግን አይነገር። የሚታየው ተነግሮ ሲኬድ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የጎረቤት ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ይገኛል።

ሰዓቱ የድሬዳዋን ፀሐይ ያገናዝብ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሶ ከ6 ሰዓት በፊት መጨረስ ነው። ዓርብ ወላጅ መጥራት አይሆንም፤ ጁምዓ አለ። ከሰዓት በኋላ የተጠራ የወላጆች ውይይትም አይሞላም፤ በሙቀቱ ላይ የበርጫ (የጫት) ሰዓት ተጨምሮ የሚመጣው ተሰብሳቢ ከኮሚቴው አባላት ያነሰ ይሆናል።

ግቢ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን ሪፖርት ያሳዩን።» ከዚያ ዝም ብሎ ማየት። ርዕሰ መምህሩ ከሸልፉ አውጥቶ ቢሰጥ፣ ዳሩ በጣት ተነክቶ ቢታይ፣ በእስክሪብቶ ምልክት ቢኖርበት ሪፖርቱ በሥራ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ቁልፍ ፍለጋ ከሄደች፣ ፋይሉ ሲመጣም የቢሮው መሸኛ ደብዳቤ ያለ መዝገብ ቁጥር ከላዩ እንደተሰካ ከሆነ፣ አንድም መምህር አላነበበውም። የትምህርት ቤቱን ዕጣ ይወስናል የተባለ ሰነድ በዚህ መልኩ መሳቢያ ውስጥ መገኘቱ ከማንኛውም ነጥብ በላይ መዘገብ አለበት።

ከዚያ ከሪፖርቱ ሦስት ዓረፍተ ነገር መርጦ ቦታው ላይ ማመሳከር ነው፤ አንዱ የሚቆጠር፣ አንዱ የሚታይ፣ አንዱ የሚጠየቅ። «በአንድ ክፍል በአማካይ 48 ተማሪ» ከተባለ የሁለት ክፍል የስም መጥሪያ ማየት ይበቃል፤ የአንደኛ ደረጃው ስታንዳርድ በክፍል 50 ተማሪ ነው። «የሴቶች መጸዳጃ ውኃ አለው» ከተባለ ሄዶ ቧንቧውን መክፈት። «ወላጆች በዕቅድ ዝግጅት ይሳተፋሉ» ከተባለ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን ቃለ ጉባኤ ማስወጣትና ፊርማው በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ የተጻፈ አለመሆኑን ማየት። ሃያ ስድስቱንም ስታንዳርድ ልድገም የሚል ኮሚቴ ቀኑ መሽቶበት ምንም ሳይጨብጥ ይመለሳል።

መምህራንን ርዕሰ መምህሩ በሌለበት ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ስማቸው አይመዘገብም። የሚጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ኢንስፔክተሩ ክፍልህ ገብቶ ስንት ደቂቃ ቆየ? ከወጣ በኋላ ምን ነገረህ? ወላጆች አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ከምክር ቤቱ ይዞ መሄድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ሲያስተረጉም አምስት ደቂቃ የፈጀ የወላጅ ቅሬታ «በጣም ደስተኞች ነን ይላሉ» ሆኖ ይመጣል።

መድረኩ

ቢሮውን ጠርቶ መጠየቅ ከጥርና ከየካቲት ባይዘገይ ይመረጣል። ሰኔ ላይ ከሆነ የቀጣዩ ዓመት በጀት ተደልድሏል፤ የኮሚቴው ምክረ ሐሳብም ገንዘብ የለውም።

«የትምህርት ጥራት እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ንግግር ይጋብዛል። ጥያቄው ትምህርት ቤት፣ ስታንዳርድና ቀን ይኑረው። «እነዚህ አምስት ትምህርት ቤቶች ባለፉት ሁለት ዙሮች ደረጃ 1 ናቸው። ከመጀመሪያው ሪፖርት በኋላ ለእያንዳንዳቸው ምን ተመደበ? ማን ሄዶ አየ? መቼ?» ከዚያ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «በሂደት ላይ ነው»፣ «በትኩረት እየተሠራ ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»። ሰብሳቢው ያለ ቁጣ ሦስቱን መድገም አለበት፤ ማን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር። መልስ ከሌለ «በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲቀርብ» ብሎ በቃለ ጉባኤ ማስያዝ። አባላት ጥያቄዎቹን ቀድመው ይከፋፈሏቸው፤ ካልተከፋፈሉ አምስት ሰው አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ ይጠይቅና ኃላፊው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል።

ኢንስፔክተሮቹም ለብቻቸው ይሰሙ፤ አለቃቸው ፊት አይናገሩም። የሚጠየቁት፦ የሰጣችሁት ነጥብ ከእናንተ እጅ ከወጣ በኋላ ተቀይሮ ያውቃል? ማን ቀየረው? የተቀየረበት ምክንያት በጽሑፍ አለ? ነጥብ መታረሙ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ አወያይቶ ማረም የሥራው አካል ነው። ጥፋቱ ዱካ ሳይተው መታረሙ ነው።

የኮሚቴው ሪፖርት ከስድስት ገጽ አይብለጥ። ምክረ ሐሳቡ «ይጠናከር»፣ «ይሻሻል»፣ «ትኩረት ይሰጠው» በሚሉ ቃላት አይጻፍ፤ ስለማይለካ ማንም አይጠየቅበትም። በምትኩ «ከመስመሩ በላይ እስከ 53 ያገኙ ትምህርት ቤቶች ነጥባቸውን ባልሰጠ ሌላ ቡድን እስከ ሚያዝያ 30 ዳግም ይታዩ» ቢባል ግንቦት ላይ የሚጠየቅ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይያያዝ፤ ምክረ ሐሳቡ፣ ኃላፊነት ያለበት አካል፣ ቀነ ገደቡ፣ አራተኛው ዓምድ ባዶ። ቀጣዩ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ስብሰባው የሚከፈተው በአዲሱ ስላይድ ሳይሆን በዚያ ባዶ ዓምድ ነው።