ባጃጁ የሄደው እኔ ስለጮህኩ ነው ብሎ የሚያስብ ጎረምሳ ውሻ ላላችሁ

«ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል» እንላለን። ነገሩን በውሻው ዓይን አይታችሁት ታውቃላችሁ? እሱ የሚያውቀው ጮኸ፣ ግመሉም ሄደ። አሸነፈ ማለት ነው። ሐዋሳ ላይ ግመሉን በባጃጅ ቀይሩትና ውሻችሁ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ምን እንደሚሠራ ይገባችኋል።

የኔው ቡቺ የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው፤ አስር ወሩ። ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር፣ ኮብልስቶን ዳር ነው። ባጃጅ ያልፋል፣ ሳይክል ያልፋል፣ ተማሪ ያልፋል፤ ቡቺ ሁሉም ላይ ይጮኻል፣ ሁሉም ይሄዳል። በቀን መቶ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ሥራውን ለምን ይለቃል? በመጨረሻ ጎረቤታችን ጋሼ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ይሄ ውሻ ሌሊት ዘበኛ ነው እሺ፤ ቀን ግን የባጃጅ ተራ አስከባሪ ሆነብን» አሉኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ ደመወዙን ቁረጡበት። የኛ በር ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍተት ነበረው፤ ቡቺ በሆዱ ተኝቶ አፍንጫውን እዛች ውስጥ ይሰካና ከአላፊ አግዳሚው ጫማ ጋር ይጣላል። ቀለሙ እስኪላጥ ድረስ። ጣውላ መታሁበት፤ በሽቦ በኩል የሚያየውንም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት። ድምፁን አሁንም ይሰማል፣ ግን ማየት ሲቀር ግማሹ ጩኸት በዛው ቀን ቀረ።

ሁለተኛ፣ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ «ዝም በል!» እያላችሁ አትጩሁ። ለሱ እናንተም እያገዛችሁት ነው። ድንጋይ መወርወርም ይቅር፤ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ትቶ ቀጥታ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል።

ይልቅ «በቃ»ን አስተምሩት። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝታችሁ ቀቅሉና የባቄላ ፍሬ አሳክላችሁ ክተፉት። ሲጮህ ከሩቅ አትጥሩት፤ አጠገቡ ሂዱና ቁራጯን አፍንጫው ላይ ያዙለት። እያሸተተ መጮህ ስለሚከብደው ዝም ይላል። ዝም ባለበት ቅጽበት «በቃ» በሉና አጉርሱት። ከዘገያችሁ ጉርሻው ለሌላ ነገር የተሰጠው ይመስለዋል። ከዛ ዝምታውን ወደ ሦስት ሰከንድ፣ ወደ አምስት፣ ወደ አስር እያስረዘማችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ብልጥ ውሻ «ልጩህ፣ ዝም ልበል፣ ልብላ» የሚል ንግድ ሊጀምር ይችላል፤ ቡቺ በሳምንቱ ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ ባጃጅ አልፎ ሳይጮህ ሲቀር ትልቁን ጉርሻ መስጠት ነው። የባጃጅ ድምፅ በስልክ ቀድታችሁ መጀመሪያ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ብታለማምዱትም ይረዳል።

ጉልበቱስ? ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ያለ ውሻ ጎረምሳ ነው፣ ካልደከመ አጥሩን ያደክማል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ አስፋልቱ ሳይግል አውጡት። ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን ግን እንዳትሞክሩት። እኔ ሞክሬ የዓሣ አንጀት፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ እና ጦጣ ባንድ ላይ ሲያይ ማሰሪያውን ይዞ እኔን አስሮጠኝ። ጸጥ ያለ መንገድ ምረጡና እንደልቡ ያሽትት፤ ማሽተት ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። ምግቡንም በሳህን ከመስጠት ሣር ላይ በትኑለት፣ ወይም ባዶ ሃይላንድ ቀድዳችሁ፣ ክዳኑንና ቀለበቱን አውልቃችሁ፣ ደረቅ ዳቦ ክተቱበትና ሲታገል አጠገቡ ሁኑ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ቀን በሰንሰለት የምታስሩ ካላችሁ ቢያንስ በሩ ፊት አትሰሩት። እያየ የማይደርስበት ነገር ያሳብደዋል። ወደ ጓሮ አዙሩት፣ በቀን ሁለቴም ፍቱት።

ምሳ ላይ እየጮኸ ለሚለምን ውሻ ደግሞ ምንም አትስጡ፣ ዓይኑንም አትዩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል፤ በአራተኛው ቀን ከተሸነፋችሁ ረጅም መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው። የኛን ያበላሸችው እናቴ ናት። «ምስኪን፣ አያችሁት አይደል ሲያየኝ» እያለች ከጠረጴዛ ሥር ታጎርሰዋለች። ቤተሰቡ ካልተስማማ አትጀምሩት።

የሌሊቱን ጩኸት ግን ጨርሳችሁ አታጥፉት። ጅብም ሌባም አለ። ወጣ ብላችሁ እዩ፣ ከዛ «በቃ» በሉት። ድምፁ በድንገት ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን የሥልጠና ጉዳይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ ሰውና እንስሳ አርቃችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቡ።

ቡቺ አሁን ለባጃጅ አንዴ ሁለቴ «ው» ብሎ ወደኔ ዞሮ ሳንባውን ይጠብቃል። ቆራሌው ላይ ግን እስካሁን አልተሳካልኝም። እሱም ይጮኻላ!